የሩሲያ ኦርቶዶክስ ኳየር ውስጥ ከሥር የሚሰማውን ያን ቤዝ እንዴት እንለማመደው

የሩሲያ መዝሙር የምትሰማ ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ድምፅ ሲረጋ ከወለሉ ሥር የመጣ የሚመስል ነገር ደረትህን ነዝሮት ያውቃል። ኦርጋን አይደለም፣ ኤዲቲንግም አይደለም፣ ሰው ነው። ኦክታቪስት ይሉታል፣ ሌላው ቤዝ ከያዘው ኖታ አንድ ኦክታቭ ወርዶ የሚዘምር ቤዝ ማለት ነው። ሩሲያ ኦርቶዶክስ ውስጥ ለቅዳሴ መሣሪያ አይገባም፣ እንደኛ ከበሮና ጸናጽል እንኳን የለም፣ ሁሉም ነገር በሰው ጉሮሮ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ምዕራባውያኑ ጋ ኦርጋኑ በእግር ፔዳል የሚሠራውን ሥራ እዛ ጥቂት ሰዎች ቆመው ይሠሩታል።

ይሄን የምጽፈው ኳየር ውስጥ ቤዝ ለምትዘምሩ ነው። ትንሽ የኖታ እውቀት ካለህና ድምፅህ ጎረምሳነት ላይ የሚያደርገውን መሰባበር ከጨረሰ ይበቃል። አገር ቤት ባለ አራት ድምፅ ኳየር ውስጥ ላለውም፣ ውጭ አገር ሆኖ የሰፈር ኳየር ገብቶ ድንገት የሩሲያዊው አቀናባሪ የራክማኒኖፍ ሥራ ለተሰጠውም ይሆናል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ አብዛኛው ሰው ወደ ታች ለመውረድ ይገፋል። አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ማንቁርቱን ይጫናል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የሚወጣው ደግሞ አየር ብቻ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ተለቆ እንጂ ተገፍቶ አይመጣም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እዛው ላይ ነው የሚዞረው።

1. ኖታው የት እንዳለ እወቅ

ኪቦርድ ፊት ቁጭ በል። እኛ ጋ ያለው አብዛኛው ኪቦርድ ባለ 61 ቁልፍ ነው፣ በስተግራ የመጨረሻው ነጭ ቁልፍ ሲ ነው፣ 65 ሄርዝ አካባቢ። ለኳየር ቤዝ ብዙ ጊዜ የሚጻፍለት ዝቅተኛ ኖታ ኢ ወይ ኤፍ ነው፣ ማለትም ከግራ ሦስተኛውና አራተኛው ነጭ። ሞዛርት በ1782 ኦፔራው ላይ ኦስሚን ለሚባለው ገፀ ባህርይ የጻፈው ዲ በኦፔራ ዓለም እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚወራለት፣ እሱም ከግራ ሁለተኛው ነጭ ነው፣ ገና ኪቦርዱ ላይ ነን ማለት ነው። ኦክታቪስቱ ሥራ የሚጀምረው ኪቦርድህ ካለቀ በኋላ ነው። ቢ ፍላት 58 ሄርዝ፣ ኤ 55፣ ጂ 49፣ ከዛም የሚወርዱ አሉ። ስለዚህ የኦክታቭ ቁልፉን አንድ ወደ ታች አድርገውና እነዚህን ኖታዎች እየመታህ ስማቸው፣ ጆሮህ እስኪለምዳቸው ድረስ ለመዘመር አትቸኩል።

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ደግሞ ይቀላል። የኤ ክሩ ምንም ሳይጫን ሲመታ 55 ሄርዝ ነው፣ የዛው ክር የመጀመሪያ ፍሬት ቢ ፍላት፣ የኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ጂ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ሰውየው በባዶ ጉሮሮ ይዘምረዋል ነው የምልህ። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ግራውንድ ያልተደረገ አምፕሊፋየር የሚያሰማው እዝዝታ ለዛች ጂ በጣም ቅርብ ነው፣ ሳውንድ ቼክ ላይ ሲያናድድህ ቢያንስ ለጆሮ ልምምድ ተጠቀምበት።

2. ጆሮህን ቀድመህ አስተካክል

በስልክ ስፒከር የሩሲያ ኳየር አትስማ። ስፒከሩ 50 እና 60 ሄርዝን ጭራሽ አያወጣም፣ ደህና ኢርፎን ወይ ትልቅ ስፒከር ያስፈልግሃል። የሚገርመው በስልክም ስትሰማ ኖታው ያለ ይመስልሃል። አንድ ዝቅተኛ ድምፅ ሲወጣ በላዩ ላይ እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉ እየተደረደረ አብሮ ይወጣል፣ 55 ላይ ከዘመርክ 110፣ 165፣ 220 አብረው አሉ፣ ጭንቅላታችን ደግሞ እነዛን ይሰማና የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። የቴክኒክ ወሬ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሙሉ ልምምዱ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ የኦክታቪስቱ ድምፅ የሚሰማው ከላይ በሚደረደሩት በነዛ ነው።

በገናን አስብ። ክሮቹ ወፍራም ናቸው፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያላቸው፣ እንዝራው ሳይገባበት ብትመታቸው ድምፁ ድፍን ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። እንዝራው ሲገባ ግን ያ እዝዝ የሚለው ይመጣና ቤቱን ይሞላዋል። ጥሩ ኦክታቪስት ድምፁ ውስጥ እንደዛ ያለ እዝዝታ አለ። ድምፄን አወፍራለሁ ብለህ ድፍን አድርገህ ብትወርድ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው አይሰማህም።

ለመስማት የአሌክሳንደር ስቬሽኒኮቭ ኳየር በ1965 የቀዳው የራክማኒኖፍ ቪጂል (ለሌሊት ጸሎት የተጻፈ የኳየር ድርሰት) ጥሩ መነሻ ነው፣ ያኔ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ እንዲህ ያለ የቤተክርስቲያን ዜማ መቅዳት ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ከነጠላ ሰዎች ቭላዲሚር ፓስዩኮቭ (በ2011 አርፏል)፣ ሚኻኢል ዝላቶፖልስኪ፣ ቭላዲሚር ሚለር ብለህ ፈልግ። ሌላ ደግሞ ግሌን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ኦክታቪስት አለ፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ግሌን ሚለር አይደለም፣ ፍለጋው ላይ ግን የጃዙ ቀድሞ ይመጣብሃል። አሜሪካዊውን የጠቀስኩት “የሩሲያ ብርድ ነው ድምፃቸውን ያወፈረው” ለሚሉ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ጉሮሮ በየአገሩ ይወለዳል፣ ሩሲያ ውስጥ ግን ፈልጎ የሚያስቆመው ኳየርና የሚጽፍለት አቀናባሪ ነበረው።

ስትሰማ አንድ ነገር አድርግ፦ መጀመሪያ ዝም ብለህ ስማ፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ኮርድ ብቻ እየመለስክ ስማና ኦክታቪስቱ የያዘውን ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገህ በ“ም” ያዘው። ያ ካልመጣልህ ጉሮሮህ ጋ ገና ምን ሥራ አለህ።

3. የራስህን ወለል ፈልግ

በጠዋት ነው የሚሠራው። ስንተኛ የድምፅ አውታሮቻችን ትንሽ ውሃ ይይዛሉ፣ ያብጣሉ፣ ጡንቻውም ይላላል፣ ስለዚህ ማንም ሰው ጠዋት ላይ ሁለት ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ዝቅ ይላል። ያንን ጠዋት የተገኘ ኖታ ይዘህ “ሲ እዘምራለሁ” ብለህ ኳየር መሪውን እንዳታስቸግር ታዲያ፣ ማታ ልምምድ ላይ የለም። ሁለቱንም ጻፍ፣ የጠዋቱንና የማታውን፣ የሚቆጠርልህ የማታው ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከግራ ሁለተኛው ሲ ላይ ተነሳ (ከፒያኖው መካከለኛ ሲ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለው)፣ በ“ኦ” ሆነህ በንግግር ድምፅ ልክ፣ በነጭም በጥቁርም አንድ በአንድ ውረድ። የሆነ ቦታ ስትደርስ ድምፁ ይሰነጠቅና ቅቅቅቅ ማለት ይጀምራል፣ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ “እ...” የምትለው ዓይነት። ከዛ በፊት ያለው የመጨረሻው ንጹሕ ኖታ ወለልህ ነው። ጂ ወይ ኤፍ አካባቢ ካለቀብህ ባሪቶን ነህ፣ አብዛኛው ወንድ እዛ ነው፣ አይክፋህ። ኢ እና ዲ በምቾት ካለህ የእውነት ቤዝ ነህ። ሲ ማታም ንጹሕ ሆኖ ከወጣልህ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ሰዎች ይፈልጉሃል።

ወለሉን የሚወስነው በዋናነት የድምፅ አውታርህ ርዝመትና ውፍረት ነው፣ ያንን በልምምድ አትቀይረውም። በልምምድ የምታገኘው ወለሉ ላይ ያሉትን ኖታዎች ማጽዳትና ከሥሩ የተወሰነ መጨመር ነው። ዕድሜም ይጨምራል፣ ቤዝ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፣ በሃያዎቹ የሌለ ኖታ በአርባ ሊመጣ ይችላል። ለዛ ነው አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይሄን ሲሞክር ሳይ የምናደደው፣ ተው ልጄ፣ ጊዜ አለህ።

4. ሰውነትህን ልቀቅ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም መቶ ጊዜ ቢነበብ የማይሠራ፣ በእጅህ ነክተህ ካረጋገጥከው ግን ቶሎ የሚገባ ነገር ነው።

ሁለት ጣትህን ማንቁርትህ ላይ አድርግ። ምራቅህን ዋጥ፣ ወደ ላይ ይዘላል። አሁን ማዛጋት ጀምርና ሳትጨርሰው አቁም፣ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። የምትፈልገው ያቺን የማዛጋት መጀመሪያ ነው፣ ከዛ በላይ አይደለም። ሙሉ ማዛጋት ውስጥ ገብተህ ብትዘምር ድምፁ ድፍን ይሆንና ያ በገና ላይ ያልነው እዝዝታ ይጠፋል። ቀጥሎ አውራ ጣትህን አገጭህ ሥር፣ ለስላሳው ሥጋ ላይ አድርግና ከሲ ጀምሮ ውረድ። ሥጋው እንደለሰለሰ ከቆየ ጥሩ ነህ። እየወረድክ ስትሄድ ወደ ታች የሚገፋህ፣ የሚጠጥርብህ ከሆነ የምላስህ ሥር ማንቁርቱን እየተጫነው ነው ማለት ነው፣ ከሁሉ በላይ የቤዞች በሽታ ይሄ ነው። መድኃኒቱ ምላስህን የታችኛው ጥርስህ ጀርባ ላይ አሳርፈህ አፍህን ትንሽ ከፍተህ፣ አዎ ሞኝ ትመስላለህ፣ እንደዛው ሆነህ በ“ኣ” መውረድ ነው። ኖታ ይጎድልሃል መጀመሪያ፣ ሁለት ሦስት ሰሚቶን ሊጠፋብህ ይችላል፣ ይጥፋ፣ በጫና የተገኘ ኖታ ያንተ አልነበረም።

አየሩ። ሰው ዝቅተኛ ኖታ ብዙ አየር የሚፈልግ ይመስለዋል፣ እውነቱ ግን የላላ የድምፅ አውታር ላይ ብዙ አየር ስትለቅበት ይበታተንና ሹክሹክታ ነው የሚወጣው። መዳፍህን ከአፍህ ፊት አድርግ፣ የሚሰማህ ሞቅ ያለ ትንሽ እስትንፋስ ብቻ መሆን አለበት። ትንፋሹን ሆድህና ጎንህ ጋ ሰብስበህ ያዝ፣ ደረትህ እንደተከፈተ ይቆይ፣ ከዛ አየሩን በስስት ልቀቀው።

አገጭህን ወደ ደረትህ አታምጣ። ኖታው ወደ ታች ይሄዳል፣ አንተ ግን ቀጥ ብለህ ቁም።

አናባቢው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። “ኡ” እና ድፍን “ኦ” ላይ መሸሸግ ደስ ይላል፣ ለራስህ ጆሮ ወፍራም ትመስላለህ፣ ውጪ ግን አይሰማም። ስትወርድ አፍህን ትንሽ ጨመር አድርገህ ክፈት፣ “ኦ”ውን ወደ “ኣ” አስጠጋው። ለኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ስጦታ ደግሞ አለን፦ ሩሲያውያኑ ጋ ያለችው ያቺ ፈረንጆቹ የሚቸገሩባት አናባቢ (ы ብለው የሚጽፏት) ከኛ ሳድስ “እ” ጋር በጣም ትቀራረባለች። ኳየር ውስጥ ፈረንጆቹ አፋቸውን ሲያጣምሙ አንተ ዝም ብለህ “እ” በል። የቤተክርስቲያን ስላቭኛ ደግሞ “ኦ”ን እንደተጻፈ ነው የሚያነበው፣ እንደ ዛሬው ሩሲያኛ ንግግር ወደ “ኣ” አያደላም። ስለዚህ “ጎስፖዲ ፖሚሉይ” ሦስቱም “ኦ” በደንብ ይሰማ፣ ጎ እና ሚ ላይ ጠበቅ። የኛው “እግዚኦ መሐረነ” ነው፣ ቅዳሴያቸው ውስጥ በየደቂቃው ስለሚመላለስ ከሱ የተሻለ መለማመጃ የለም።

5. ከወለሉ በታች የሚወስዱ መንገዶች

የመጀመሪያው የተፈጥሮ ድምፅ ነው፣ በደረት ድምፅህ እስከ ታች መውረድ። ትልልቆቹ ኦክታቪስቶች ቢያንስ እስከ ኤ ድረስ በዚህ ነው የሚሄዱት፣ ለኳየር ከሁሉም የሚሻለውም ይሄ ነው።

ሁለተኛው ያ ቅቅቅ የሚለው ነው፣ ፍራይ ይሉታል። የድምፅ አውታሮቹ እጅግ ላልተው አየሩ በጠብታ በጠብታ ነው የሚያልፈው፣ 70 ሄርዝ አካባቢና ከዛ በታች ጆሮ ምቱን አንድ በአንድ መቁጠር ይጀምራል። ማንም ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፣ ለዛ ነው ኢንተርኔት ላይ “እኔ ከኦክታቪስት እበልጣለሁ” የሚሉ ልጆች የበዙት። ችግሩ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ኖታውም ይዋልላል። በደንብ ከተለማመዱት ግን ከደረት ድምፅ ጋር ቀላቅለው ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ኖታ ይጨምሩበታል፣ ስፌቱ እስካልታየ ድረስ ነውር የለውም።

ሦስተኛው ትንሽ ለየት ይላል። ጂን በመደበኛ ቦታው እየዘመርክ የድምፅ አውታሮቹ እያንዳንዱን ሁለተኛ ምት ለየት አድርገው እንዲመቱ ታደርጋለህ፣ ያኔ ጆሮ የሚሰማው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለውን ነው። ሳይቤሪያ ያሉት የቱቫ ሰዎች ካርጊራ የሚሉት አዘፋፈናቸው ላይ ደግሞ ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ያሉት እጥፋቶች ናቸው አብረው የሚነዝሩት። ድምፁ ይበልጥ ጮክ ይላል፣ ግን ሻካራ ነው፣ በለሆሳስ ለሚያልቅ መዝሙር አይመጥንም። ያለ አስተማሪ ከዩቲዩብ ብቻ ባትጀምረው ደስ ይለኛል።

እግረ መንገዴን፣ ቲም ስቶርምስ የሚባል አሜሪካዊ በ2012 0.189 ሄርዝ አውጥቶ ጊነስ ላይ ሰፍሯል። የሰው ጆሮ 20 ሄርዝ አካባቢ ነው የሚያቆመው። መዝገብ ላይ ያምራል፣ ኳየር መሪ ግን ምን ያደርግበታል?

6. ልምምዱ

በቀን አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ከላይ ነው የምትጀምረው፣ አዎ ከላይ። ከንፈርህን ብርርር እያደረግክ ከመካከለኛው ሲ አካባቢ ወደ ታች ተንሸራተት፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ታችህ ብቻ ላይ ስትሠራ የከረምክ እንደሆነ ላይኛው ድምፅህ ይከብድብሃል፣ ድምፅ ደግሞ አንድ ነው፣ ላይኛው ሲጠነክር ታችኛውም ይጠራል።

ከዛ በ“ም” ሶል ፋ ሚ ሬ ዶ እያልክ ውረድ፣ እያንዳንዱን ዙር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግ። ዶው ላይ ስትደርስ “ም”ን ወደ “ሞ” ክፈተው፣ ድምፁ አይጨምር፣ አይቀንስ። ወለልህ ጋ ስትደርስ አንድ ኖታ ብቻ እለፍ፣ ሁለት አይደለም። ያቺን ኖታ በለሆሳስ አሥር ሰኮንድ ያዛት፣ ትንፋሽህ ቢተርፍህም ተዋት። ሳምንት ሙሉ ንጹሕ ሆና ከቆየች ወደ ቀጣይዋ ትሄዳለህ፣ አንዳንዷ ኖታ ሁለት ወር ታስቀምጥሃለች፣ ትቀመጥ።

መጨረሻ ላይ ስፌቱን ሥራ፦ ከፍራዩ ተነሳና ቀስ ብለህ ወደ ላይ እየተንሸራተትክ ንጹሕ ድምፅ ሲይዝልህ አቁም፣ ከዛ በዛው መንገድ ተመለስ። ሲያያዝልህ ድምፅህ የሚለወጥበት ቦታ ከቀን ቀን እየጠፋ ይሄዳል።

ቱነር አፕ ተጠቀም፣ ግን ብዙዎቹ እዚህ ታች ሲደርሱ ይምታታባቸዋል፣ ፊደሉ ልክ ከሆነ ኦክታቩን ቢሳሳት አትጨነቅ። በስልክ ቀድተህ ራስህን ስትሰማ ደግሞ ድምፅህ የቀጠነ ከመሰለህ የስልክ ማይክ ታችኛውን ስለሚቆርጠው ነው።

ሲጋራና አረቄ ድምፅ ያወፍራል የሚሉህን አትስማ። ያወፍራል እውነት ነው፣ ሲጋራ የድምፅ አውታሩን ስለሚያሳብጠው ነው፣ በሽታ ነው እንጂ ቤዝ አይደለም። ውሃ ጠጣ፣ ተኛ። ልምምድ ላይ ካመመህ አቁም፣ መጎርነኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ማርና ዝንጅብል አይደለም መልሱ።

7. ኳየር ውስጥ ስትገባ

ኖታው ሁልጊዜ አይጻፍልህም። ብዙ ጊዜ የተጻፈው የቤዙ ኖታ ብቻ ነው፣ የት ወርደህ የት እንደምትመለስ አንተና መሪው ናችሁ የምትወስኑት። እኔ የምከተለው ይሄን ነው፦ ረጃጅም ኖታ ላይ፣ የሐረግ መዝጊያ ላይ፣ ቤዙ የኮርዱን ሥር በያዘበት ቦታ ውረድ። ቤዙ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ከሆነ የተጻፈውን ዘምር፣ እዛ ታች ሩጫ አይሰማም፣ ይጨቀያል። ቤዙ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ ከያዘም አትውረድ፣ ከሥር ያለ ሦስተኛ ኮርዱን ያደበዝዘዋል። ከሥር ኦክታቭ፣ ከዛ አምስተኛው፣ ከዛ በላይ የተቀራረቡት ሲሆኑ ነው ኮርዱ የሚከፈተው፣ ምክንያቱም በአንድ ኖታ ላይ ራሳቸው የሚደረደሩት ድምፆች አሰላለፍ ያው ነው። ቴነሮቹ ድንገት መዘመር ቀለለን ካሉ ሥራህን ሠርተሃል።

ጩኸቱን እርሳው። እዛ ታች ጮክ ማለት የለም፣ ያለህ ድምፅ ያቺው ናት፣ ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ የመሪው ሥራ ነው። ሠላሳ ሰው ባለበት ኳየር አንድ ወይ ሁለት ኦክታቪስት ይበቃል። ሁለት ከሆናችሁ በአንድ ላይ አትተንፍሱ። ሩሲያውያኑ በሰንሰለት መተንፈስ ይሉታል፦ እሱ ሲዘምር አንተ ትንፋሽህን ወስደህ በለሆሳስ ትገባለህ፣ ከዛ እሱ። ቃል መጀመሪያ ላይ አትግባ፣ አናባቢው መሃል ላይ ሹልክ ብለህ ግባ፣ ሰሚው መስመሩ ሳይቆረጥ ይቀጥልለታል።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ያ ግዙፍ ዲያቆን፣ ወንጌል ሲያነብ ወይ “ምኖጋያ ሌታ” (ብዙ ዓመት ያኑርህ) ሲል ከታች ተነስቶ ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ እየወጣ መጨረሻው ላይ መስኮቱን የሚያናውጠው፣ እሱ ሌላ ሙያ ነው። ኮንስታንቲን ሮዞቭ (1874–1923) በዛ የታወቀ ነበር፣ “ታላቁ ሊቀ ዲያቆን” የሚል ማዕረግ ተሰጥቶታል። ማክሲም ሚኻይሎቭ (1893–1971) ደግሞ ከዲያቆንነት ተነስቶ ሞስኮ ያለው የኦፔራ ቤት ቦልሾይ ቲያትር ገባና በኦፔራ ገፀ ባህርዩ በኢቫን ሱሳኒን ሚና ስሙ ተጠራ። እነሱ ጉልበት አላቸው፣ ቤቱን ይሞላሉ፣ ሰው ሊያያቸው ይመጣል። ኦክታቪስቱን ግን ሰው ላያየው ይችላል፣ ሲቀር ነው “ዛሬ ምን ጎደለ” የሚባለው። ሁለቱንም ልሁን ካልክ አንዱን ታበላሻለህ። ለኦክታቪስት በብቸኝነት የተጻፈ ነገር ካማረህ ፓቬል ቼስኖኮቭ ከመዝሙረ ዳዊት ወስዶ “በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ” የሚለውን ለዚሁ ድምፅ ሶሎ አድርጎ ጽፎልሃል። ቼስኖኮቭ ሞስኮ ውስጥ የክርስቶስ አዳኝ ካቴድራል መዘምራን መሪ ነበር፣ ካቴድራሉ በ1931 ሲፈርስ ማቀናበሩን ጭራሽ ተወው።

8. ያቺ ቢ ፍላት

ሁሉም ቤዝ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ወደዚህ ነው። ራክማኒኖፍ በ1915 ቪጂሉን ሲጽፍ አምስተኛው ክፍል የስምዖን ጸሎት ነው፣ “ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ” የሚለው። መዝጊያው ላይ ሌላው ድምፅ ሁሉ ሲቀዘቅዝ ቤዞቹ በደረጃ እየወረዱ እየወረዱ ከኪቦርድህ ውጪ ያለችው ቢ ፍላት ላይ በለሆሳስ ያርፋሉ። ራክማኒኖፍ በኋላ እንዳወራው፣ መጀመሪያ ፒያኖ ላይ ሲያሰማው የሞስኮ ሲኖዶስ ኳየር መሪ የነበረው ኒኮላይ ዳኒሊን ራሱን ነቅንቆ እንዲህ ያለ ቤዝ ከየት ይመጣል ብሎት ነበር፣ ግን አገኛቸው፣ የመጀመሪያውን ዝግጅትም ራሱ መራው። ራክማኒኖፍ ይቺን ክፍል በጣም ከመውደዱ የተነሳ ቀብሬ ላይ ይዘመርልኝ ብሎ ነበር።

አለማመዱ ይሄ ነው። ኪቦርድህን በትራንስፖዝ አምስት ሰሚቶን ከፍ አድርገው፣ ያኔ መጨረሻህ ኢ ፍላት ላይ ይሆናል፣ እሱ ለብዙ ቤዝ አለ። መስመሩን እዛ ላይ ሆነህ ተማር፣ ቃሉን፣ ትንፋሹን፣ እየቀነሰ የሚሄደውን ድምፅ ሁሉ። ከላይኛው ኖታ ስትነሳ ድምፅህ ወፍራም እንዳይሆን፣ ስስ አድርገህ ጀምር፣ ከላይ የከበደ ሰው ታች ሲደርስ የሚቀንሰው ነገር የለውም። ደረጃው ላይ እያንዳንዱን እርምጃ ትንሽ ጠበብ አድርገህ አስብ፣ ካለዚያ ቁልቁለቱ ይዞህ ይሄድና ከኖታው በታች ታርፋለህ፣ ሙሉ ኳየሩ ደግሞ አንተን ተከትሎ ይወድቃል። መስመሩ ከገባህ በኋላ ትራንስፖዙን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሳምንት፣ ሌላ ግማሽ ዝቅ። ትንፋሽህን ከመውረድህ በፊት ውሰድ፣ መሃል ደረጃ ላይ የሚተነፍስ ቤዝ ካለ ጎረቤትህ ይሁን።

ዝግጅቱ ማታ ነውና የማታ ድምፅህን አውቀህ ሂድ። ቀኑን ሙሉ አታውራ፣ ማሞቂያ ላይ ቢ ፍላቷን ደጋግመህ አትሞክር፣ አንዴ ካለች አለች። ሲ ላይ ደርሰህ ቀጣይዋ እንደሌለች ከተሰማህ አፍህን እንደከፈትክ ዝም በል ወይ ላይኛዋን ቢ ፍላት በለሆሳስ ያዝ፣ አጠገብህ ያለው ሰውዬ ይዟት ሊሆን ይችላል፣ የሱን ኖታ በአየር ከምትሸፍንበት ብትተውለት ይሻላል።